የበረሃው መንገድና ማረፊያዎቹ

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስንላክ በመጀመሪያ የምንሞላው አንድ ቅጽ አለ። በቅጹ ላይ የመነሻው ቀን፣ የመድረሻው ቦታ፣ የመመለሻው ቀንና የውሎ አበሉ ልክ ይጻፋል። በመነሻውና በመድረሻው መካከል ስላለው አገር ግን ቅጹ የሚጠይቀው ነገር የለም። ደጋ ለደጋ ለሚሄድ ሰው ይህ ዝምታ ብዙ አይጐዳውም፤ በየጥቂቱ ርቀት መንደር አለ፣ ምንጭ አለ፣ የመሸበትን እንግዳ የሚያሳድር ደግ ቤትም አይታጣም። ወደ ቆላው ወርዶ በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ግን መንገዱ ማለት ይኸው ሳይጻፍ የቀረው መካከለኛው ክፍል ነው።

ስለዚህ በዚህ አነስተኛ ሐተታ ከሸዋና ከሐረር ደጋ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚወርደውን የበረሃ መንገድ ታሪክ በማረፊያዎቹ በኩል ልንመለከተው አሰብን። ስለ ነገሥታት ውልና ስለ ነጋዴ ትርፍ ብዙ ተጽፏል። እኛ የምንጠይቀው ግን መንገደኛው የት አደረ፣ ምን በላ፣ ውሃውንስ ከማን እጅ ተቀብሎ ጠጣ የሚለውን ነው።

አስቀድመን አገሩን እንወቀው። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ የተነሣ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ በ1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሰመራ ሲገባ ከ500 ሜትር በታች ወርዷል። ወደ ታጁራ ወደብ የሚያልፍ እንደ ሆነ ደግሞ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተኛውን የአሳልን ሐይቅ ያገኛል፤ ውሃው ከባሕር ውሃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ስለ ሆነ ለዓይን ማረፊያ እንጂ ለጥም መፍትሔ አይሆንም። የአዋሽ ወንዝ ራሱ ከደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ወንዝ ያልጨረሰውን መንገድ ሰው ሊጨርሰው የሚችለው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህንን እውቀት ከሁሉ በፊት የያዘው ሲራራ ነጋዴ ነበር። በሸዋ በኩል የአልዩ አምባ ገበያና ከአንኮበር በታች ያለችው የፋሬ ኬላ የደጋው ዳርቻዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ታጁራ ድረስ የብዙ ሳምንት የግመል መንገድ ነው። የዕለቱ ጉዞ ርዝመት የሚወሰነው በሰው ፈቃድ አልነበረም። ውሃው በቀረበ ጊዜ ጉዞው አጭር ይሆናል፤ ውሃው በራቀ ጊዜ ሌሊቱንም ጨምረው ይሄዳሉ። ጭነት የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነው፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ጭነቱ ይራገፋል፣ ግመሎቹ ወደ ግጦሽ ይለቀቃሉ፣ ሰዉም በግራር ጥላ ሥር ወይም ከጭነቱ ክምር አጠገብ ይጋደማል።

ስንቁም ቢሆን ዘዴ ነበረው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ሙቀት ስለማያበላሻቸው ለሩቅ መንገድ የተመረጡ ናቸው። ነገር ግን በሶ ያለ ውሃ አይበጠበጥም፣ ድርቆሽም ያለ ውሃ አይርስም፤ ጨው የበዛበት ቋንጣ ደግሞ ጥምን ይጠራል። እንግዲህ ብልህ ነጋዴ እህሉን የሚመጥነው በስልቻው ውሃ ልክ ነበር። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው የአባቶች ተረት በደጋ ምክር ሲሆን በበረሃ ሕግ ነው።

ነገር ግን ውሃው ያለበትን ቦታ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ወር የሞላ ጉድጓድ ዛሬ ደርቆ ይሆናል፤ ትናንት ሰላም የነበረ ሸለቆ ዛሬ ጠብ ገብቶበት ይሆናል። ይህንን የሚነግር ካርታ የለም። የአፋር ሕዝብ ለዚህ ያበጀው ሥርዓት ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ በተገናኙ ጊዜ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆመው ወይም ተቀምጠው አንዱ ያየውንና የሰማውን በተራ ይናገራል፣ ሌላውም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ ቀጥሎ የራሱን ይናገራል። ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ሣር የት እንደ በቀለ፣ የትኛው ውሃ እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ ሁሉ ይነገራል። ወሬው እውነት እንዲሆን ግዴታ አለበት፤ በሐሰት ወሬ የተነሣ ሰውም ከብትም ሊሞት ይችላልና። ጋዜጣና ስልክ በሌሉበት ዘመን የበረሃው የጉዞ ዕቅድ ይወጣ የነበረው በዚህ ንግግር ነው።

በሶማሌ አገር በኩል፣ ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ደግሞ አባን የሚባል ልማድ ነበር። አባን ማለት እንግዳውን በራሱ ዋስትና ተቀብሎ የሚመራ፣ ከጐሣው ጋር የሚያስታርቀው፣ ማደሪያውንም የሚያሰናዳለት ሰው ነው። ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት ቦታ ላይ የጀልዴሳ መንደር ነበረች። የቆላው ግመል እዚያ ጭነቱን ያራግፋል፣ በቅሎና አህያም ተረክበው ወደ ሐረር ያወጡታል። ጀልዴሳን ያስከበራት የዚህ ጭነት መለዋወጫ መሆኗ ነው።

ይህንን ሥርዓት ያላወቁ ወይም የናቁ መንገደኞች የደረሰባቸውን ታሪክ መዝግቦታል። በግንቦት 1833 ዓ.ም. ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተልኮ ከታጁራ ተነሣ። መልእክተኛው ለንጉሡ የሚሰጠው መድፍና ብዙ ገጸ በረከት ነበረው፤ ነገር ግን የበረሃው ሙቀት እጅግ በበረታበት ወራት ነበር የተነሣው። በአሳል ሐይቅ አጠገብ ሲያልፉ ውሃው አለቀባቸው፤ ብዙዎቹ ከመንገዱ ዳር ወደቁ። ነፍሳቸውን ያተረፈው ከፊት ካለው የውሃ ቦታ ድፍርስ ውሃ የሞላ ስልቻ ተሸክሞ እየሮጠ የመጣ አንድ የአገሩ ሰው ነው። ከዚያም ውሃው ወዳለበት ወደ ጉንጉንቴ ሸለቆ ገብተው ባደሩበት ስፍራ በሌሊት ከተጓዦቹ መካከል ሦስት ሰዎች ተገደሉ። ሐሪስ በሐምሌ ወር ፋሬ ገባ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የውል ፊርማ ተለዋወጠ። የውሉን ቃል የሚያነብብ ሰው ግን ከፊርማው በፊት ውሃ ያመጣለትን ያንን ስሙ ያልተጻፈ ሰው ማስታወስ ይገባዋል።

ከ14 ዓመት በኋላ ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በአባን እየተመራ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ገባ። በከተማይቱም አሥር ቀን ያህል ቈይቶ በጥር 1847 ዓ.ም. ወጣ። ወደ በርበራ ሲመለስ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ በአቋራጭ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት በላይም ውሃ ሳያገኝ ሄደ። ተስፋ በቈረጠበት ሰዓት አንዲት የቆላ ወፍ ስትበር አየና ይህች ወፍ በየቀኑ ሳትጠጣ አታድርም ብሎ ተከተላት፤ በቅርቡም ካለ ውሃ ላይ አወረደችው። በብዙ ቋንቋ ዐዋቂነቱ የታወቀው ሰው በዚያን ቀን የዳነው በወፍ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። አቋራጭ መንገድ የሚባለው ነገር በበረሃ የሚለካው በርቀት ሳይሆን በጥም እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ከሁሉ የከፋው ፈቃድ ሳይጠይቁ የሰውን ውሃ መርገጥ ነው። በኅዳር 1868 ዓ.ም. የግብፅ ገዥ የኬዲቭ እስማኤል ሹም የነበረው ቨርነር ሙንዚንገር ጥቂት መቶ ወታደሮች አስከትሎ ከታጁራ ወደ አውሳ ዘለቀ። ወታደሮቹ ዘመናዊ ጠመንጃ ነበራቸው። ነገር ግን የአውሳው ሡልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ሰዎች በሰፈሩበት በሌሊት ወረዱባቸው፤ ሙንዚንገርም ከአብዛኛው ሠራዊቱ ጋር እዚያው ቀረ። ለአገሩ ባለቤት ወራሪ ሆኖ የመጣ ሰው ማረፊያ እንደሌለው የአውሳ ሜዳ መሰከረ።

እነሆ ደግሞ ሌላ ምሳሌ። ባለቅኔነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ታጁራ ላይ ተቀምጦ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። በመጨረሻ በጥቅምት 1879 ዓ.ም. ተነሥቶ ከአራት ወር ገደማ በኋላ አንኮበር ደረሰ። መሰናዶው ከጉዞው በእጥፍ በለጠ ማለት ነው። የዘመናችን ችኩል ሰው ይህንን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ራምቦ ከነጭነቱ ደርሷል፣ ሙንዚንገር ግን አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የብረት መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ። ተራራውን መውጣት እጅግ ከባድ ስለ ሆነ ባቡሩ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ በዚያ ሜዳ ላይም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬ ዳዋ ተቈረቈረች። የጀልዴሳም ዕድል በዚያው አበቃ፤ ግመሉ ጭነቱን የሚያራግፍበት ምክንያት ስለ ጠፋ ገበያዋ ተፈታ። ለድሬ ዳዋ ልደት የሆነው ቀን ለጀልዴሳ የሐዘን ቀን ነበር።

የገንዘብ ችግርና የመንግሥታት ክርክር ሥራውን ለዓመታት ካቈመው በኋላ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ባቡሩ ከግመል የፈጠነ ቢሆንም የበረሃውን ሕግ አልሻረም። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ጠጪ ነው፤ ስለዚህ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ እያሉ በየርቀቱ ጣቢያዎች ተሠሩ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሦስት ቀን ጉዞ ነበር። መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬ ዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በአዋሽ ጣቢያ የነበረው ቡፌ የሚባለው የእንግዳ ማደሪያ ስሙ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘብ ያለው በዚያ አልጋና ትኩስ እራት ያገኛል፤ የሌለው በጣቢያው አጠገብ ስንቁን ፈትቶ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። በየጣቢያውም ሴቶችና ልጆች ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ይዘው ወደ መስኮቱ ይቀርባሉ። ባቡሩ ቆሞ ውሃ በሚጠጣበት ጊዜ አንድ መንደር በሙሉ የዕለት እንጀራውን ያገኝ ነበር።

ሦስተኛው ዘመን የመኪና ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወጣው የመኪና መንገድ ተሠራ። የአሰብ ወደብ በሠራባቸው ዓመታት ከባድ መኪናዎች ከሰርዶና ከሚሌ አልፈው በባቲ በኩል ደጋ ይወጡ ነበር። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የደጋው ሰውና የአፋሩ ሰው እህልና ከብት የሚለዋወጡባት የቈየች መገናኛ ናት፤ ለሾፌሩም የበረሃው ሙቀት የሚለቅበት የመጀመሪያው ነፋሻ ማረፊያ ነበረች። የሰርዶ ከተማ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። በ1960ዎቹ ዓመታት ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ተሠርቶ ከአሰቡ መንገድ ጋር ተጋጠመ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱም ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ይሁን እንጂ የአዋሽ፣ የገዋኔ፣ የሚሌ፣ የሎግያና የጋላፊ መንገድ ዛሬም የከባድ መኪና ሾፌሮች መንገድ ነው። ሚሌና ሎግያ የሾፌር ማደሪያ ሆነው ከተማ ሆነዋል። በነዚህ ከተሞች ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ አልጋው ከቤት ወጥቶ በግቢው ይዘረጋል፣ ሰውም ኮከብ እያየ ይተኛል።

ይህንን ሁሉ እኛ ከመጻሕፍት ብቻ ያወቅነው እንዳይመስል አንድ የራሳችንን ነገር እንጨምር። ባለፈው ዓመት አራት ሆነን ለመንግሥት ሥራ ወደ ሰመራ ወረድን። ርቀቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ በቅጹ ላይ የአንድ ቀን መንገድ ብለን ሞላን። ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ፣ መንገዱን ከአሰብ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አዋሽ ስንደርስ፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ምሳ በልተን እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ እንቈይ፤ ማታ ገዋኔ እናድርና ሌሊት ተነሥተን በጠዋት ሰመራ እንገባለን» አሉን። እኛ ግን ስብሰባው ነገ በሁለት ሰዓት ነው፣ ሁለተኛ ሌሊት በቅጹ ላይ አልተጻፈም ብለን ተከራከርን። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ እንግባ» አልናቸው። እሳቸውም ብዙ ሳይናገሩ ሁለት ጄሪካን ውሃ ሞልተው ከኋላ ጫኑ።

ከገዋኔ አልፈን በጠራራ ፀሐይ ስንሄድ የኋላው ጎማ ፈነዳ። የተጠባባቂውን ጎማ ስናወርድ እርሱም አየር የለውም። ከጓደኞቻችን አንዱ ወዲያው ራሱን አዞረውና ተቀመጠ። የስልኩ መስመር አይሠራም፤ በመንገዱ ላይ የሚታይ መኪና የለም። ለሁለት ሰዓት ያህል በመኪናው ጥላ ሥር ተጨናንቀን የሾፌራችንን ውሃ በኩባያ እየመጠንን ጠጣን።

ከዚያም አንድ የአፋር ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ግመሎች እየነዱ መጡ። እኛ ፈጥነን፣ «በአቅራቢያው ጎማ የሚጠግን አለ?» ብለን በአማርኛ ጮኽንባቸው። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ቆመው ተመለከቱን። ሾፌራችን ግን በእጃቸው ዝም አሰኙንና ወደ እሳቸው ቀርበው እጃቸውን ሳሙ፤ ከዚያም በአፋርኛ ከየት እንደ ተነሣን፣ በመንገዱ ምን እንዳየን፣ አዋሽ ላይ ዝናብ እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ታመመብን በዝግታ ነገሯቸው። ሽማግሌውም በተራቸው ተናገሩ። ነገሩ ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ለእኛም የዓመት ያህል ረዘመብን። ንግግሩ ሲያልቅ ልጁ በእንስራ መሰል የእንጨት ዕቃ የግመል ወተት ሰጠን፤ የታመመው ጓደኛችን ጠጥቶ ነፍስ ዘራ። ሽማግሌውም ከትንሿ ኮረብታ ጀርባ መንደር እንዳለ፣ በዚያም ጎማ የሚነፋ ወጣት እንደሚገኝ ነግረው ልጃቸውን መሪ አድርገው ሰጡን። ያን ሌሊት በዚያ መንደር፣ ከሰሌን በተሠራ ጎጆ ደጃፍ ላይ አደርን። ስለ ማደሪያውም ሆነ ስለ ወተቱ ገንዘብ ብንሰጥ አልቀበል አሉን።

በማግሥቱ ሰመራ የገባነው ሾፌራችን መጀመሪያ ከነገሩን ሰዓት በጣም ዘግይተን ነው፤ ስብሰባውም አልቆ ነበር። በመመለሻችን ላይ፣ «ጋሼ፣ ለምን አጥብቀው አልከለከሉንም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ቅጹን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ የያዝሁት ውሃ ነው» አሉን። ይህ መልስ ዛሬም ድረስ በጆሯችን ውስጥ አለ።

እንግዲህ ከሐሪስ ዘመን እስከ እኛ ድረስ 180 ዓመት አልፏል፤ ግመሉ በባቡር፣ ባቡሩም በመኪና ተተክቷል። መንገዱ ከመንደር ወደ መንደር ተዛውሯል፤ ጀልዴሳ ጸጥ ብላለች፣ ሰርዶ ፈርሳለች፣ ሎግያ ቆማለች። ያልተለወጠው የበረሃው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፣ ሲደክምህ የት ታርፋለህ፣ ሲጠማህ ማን ያጠጣሃል የሚለው ነው። ይህንን ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት የመለሰ ሰው ይደርሳል። ያልመለሰውም አንዳንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ነገር ግን የሚደርሰው በራሱ ብልኃት ሳይሆን ስልቻ ተሸክሞ በሚሮጥ ወይም ወተት በሚያቀርብ በሌላ ሰው ደግነት ነው። የዚያም ሰው ስም በዘገባችን ውስጥ ተጽፎ አይገኝም።

ስለዚህ ወደ ቆላ የምትወርዱ የሥራ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ከመድረሻው በፊት ማረፊያውን ጻፉ። ሌሊት ተነሡ፣ ቀትርን በጥላ አሳልፉ፣ ውሃችሁን ከሚያስፈልጋችሁ በእጥፍ ያዙ፣ የሾፌራችሁን እንቅልፍ እንደ ነዳጁ ቍጠሩ። በመንገድ የምታገኙትንም ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ሰላምታ ስጡት፤ ያያችሁትን ንገሩት፤ እርሱም ያየውን ይነግራችኋል።

እኛ በበኩላችን ከዚያ ጉዞ ወዲህ በቅጹ ኅዳግ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ የማረፊያዎቹን ስም በእርሳስ እንጽፋለን። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ። ከገዋኔ በኋላም ትንሽ ቦታ እንተዋለን፤ የዚያችን መንደር ስም ሳንጠይቅ መምጣታችን እስካሁን ያሳፍረናልና።